ፉከራው የጋራ፣ ዕዳው የማን?

የማወጋችሁ በኢንተርኔት ላይ ስለተከፈተ አንድ የውይይት ክር ነው፤ አንዱ ጥያቄ ይለጥፋል፣ ሌላው ከሥሩ ይመልሳል። ክሩ የተከፈተው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ በመተማ ቆላ መሬት የሚከራይበት፣ ትራክተር በቀጠሮ የሚያዝበት ሰሞን። ከፋቹ ጎንደር ከተማ ውስጥ በደመወዝ የሚኖር ሰው ነው። ጥያቄ ብሎ ይጀምር እንጂ ውስጡ ክስ ነበረበት። በሠርጉም በበዓሉም ዘራፍ እያልን እንፎክራለን፣ ለጀግና ሽለላ እንደረድራለን፤ አንድ ሰው ደመወዙን ትቶ በራሱ ልቁም ሲል ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለን እናሸማቅቀዋለን ይላል። ቀጥሎ እቅዱን ዘረዘረ። 20 ሄክታር ተከራይቶ ሰሊጥ ሊዘራ ነው። ገንዘቡን ከባንክ ይበደራል፣ የቤቱ ካርታ መያዣ ይሆናል፣ አጎቱ ዋስ ለመሆን እሺ ብለዋል። ይህ ድፍረት ነው ወይስ እብደት? ጥያቄው ይኸው ነበር።

በ6 ቀን 34 መልስ ተሰበሰበ። ቅደም ተከተሉን ይዤ ላውጋችሁ፤ ፍሬ ያለበት ላይ ቆም እላለሁ፣ ገለባውን እዘላለሁ።

መልስ 1 እና 2

ሁለቱም ምርቃት ናቸው። የመጀመሪያው ካልደፈረሰ አይጠራም የሚለውን ተረት ጠቅሶ አይዞህ አለ። ሁለተኛው ደግሞ በቆላው ዛሬ ትልቅ ገበሬ የሚባለው ሁሉ አንድ ቀን ከባዶ እጁ የተነሳ ነው አለ። ከባዶ እጁ ተነስቶ በባዶ እጁ የተመለሰውን ግን አልቆጠረም።

መልስ 3

የመጀመሪያው ቁም ነገር። ጸሐፊው ሰሊጥን የሚያውቅ ነው፤ ጠያቂውን ወንድምዓለም እያለ በትሕትና ያስረዳል። ስለ ልብህ ሳይሆን ስለ መሬትህ ልጠይቅህ ብሎ ጀመረ። 1,000 የሰሊጥ ፍሬ 3 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፤ ስለዚህ 3 ኪሎ ዘር ወደ 1 ሚሊዮን ፍሬ ነው። በመስመር መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ከተያዘ አንድ ሄክታር የሚፈልገው 250,000 ተክል ብቻ ነው። በመስመር ለሚዘራ 3 ኪሎ ይተርፈዋል። በብተና ግን 5 እና 6 ኪሎ ይፈጃል፤ ያም ሆኖ አንዱ ቦታ ታፍኖ ሌላው ራሰ በራ ሆኖ ይበቅላል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚረጨው፤ አለዚያ እጅ ላይ አይመጠንም። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ቡቃያው አቅም አጥቶ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ከዘሩ በኋላ ከባድ ዝናብ ወርዶ መሬቱ ቅርፊት ከያዘም እንዲሁ።

ዋናው ማስጠንቀቂያው ግን ስለ ውኃ ነበር። ሰሊጥ ድርቅ ይችላል፣ ውኃ ላይ መቆም አይችልም። ዋልካ መሬት ላይ ውኃ 2 ቀን ከተኛ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ጸሐይ ሲወጣ ጠውልጎ ይቀራል። ስለዚህ መሬት ልታይ ስትሄድ በበጋ አትይ፣ ባለፈው ክረምት ውኃ የተኛበትን ጎረቤት ጠይቅ፣ ማፋሰሻ ቦይ የሚወጣበትን ተዳፋት ፈልግ አለው።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው 3ን አረመው። በመስመር መዝራት ለ2 ወይም ለ4 ሄክታር እንጂ መዝሪያ መሣሪያ ለሌለው ባለ 20 ሄክታር ወሬ ነው፤ በዚያ ስፋት ሁሉም የሚበትነው ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ዝናቡ ስለማይጠብቀው ነው አለ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ትራክተሩ በየተራው ይመጣል፤ ተራህ ሲደርስ ዝናብ ከያዘው ትራክተሩ ይሰምጣል፣ አንተም ትዘገያለህ። ቀጥሎ ወደ አረም ገባ። የመጀመሪያው አረም ቡቃያው በወጣ በ2 እና በ3 ሳምንት መካከል ነው፤ ሁለተኛው ከ2 ሳምንት በኋላ ይከተላል። ሰሊጥ በመጀመሪያው ወር እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ አረም ይቀድመዋል። የመጀመሪያው ካመለጠ ሁለተኛው አያድነውም፤ ገንዘብ ይበላል እንጂ።

ሦስተኛው ጸሐፊ በመልስ 5 ተመልሶ እርማቱን በሙሉ ተቀበለ። እንዲህ ዓይነት ሰው በክር ውስጥ ብርቅ ነው፤ ላመሰግነው እወዳለሁ።

መልስ 6

ይኼ ደግሞ የአጨዳውን ነገር እንደ ፎቶግራፍ ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው። የታችኛው ቅጠል ረግፎ የታችኛው ፍሬ መያዣ ቢጫ ሲሆን፣ አንዳንዱም ጫፉ ላይ ፈገግ ማለት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ነው ማጭዱ የሚገባው። ከዚያ ከቀደመ ፍሬው ጨምዳዳ ይሆናል። ከዘገየ መያዣው ተፈልቅቆ አፉን ይከፍታል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ፍሬው መሬት ላይ ይዘራል። የሚታጨደው ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ነው። አጫጁ አገዳውን በግራ እጁ ጨብጦ ያቆመዋል እንጂ አያጋድመውም፤ ካጋደመው የከፈተው ሁሉ ይፈስሳል። እስሩ በራሱ አገዳ ይጠፈርና እስሮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ጎጆ ይቆማሉ። ይህ ነው ሂላ የሚባለው። 2 ሳምንት ያህል ሲደርቅ ሸራ ይነጠፋል፣ እስሩ በጥንቃቄ ተነስቶ ሸራው ላይ አፉ ቁልቁል ይዘቀዘቃል፣ በዱላ ጀርባውን መታ መታ ሲሉት ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሂላው በቆየ ቁጥር ፍሬ መጣጭ ትኋን ከሥር ይገባል፤ የመጠጠው ፍሬ ዘይቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይመራል፣ ሚዛን ላይም ቀላል ይሆናል።

ከዚያ ስሌቱን አመጣ። ለ1 ሄክታር አጨዳና እስራት 8 የሰው ቀን፣ ማለትም አንድ ሰው 8 ቀን የሚሠራውን፣ ብንይዝ 20 ሄክታር 160 የሰው ቀን ይሆናል። እርሻው በአንድ ጊዜ ከደረሰ የሚሰጠው ጊዜ ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ሌላው ገበሬም ሁሉ ሠራተኛ በሚሻማበት ሰሞን 20 አጫጅ ባንድ ላይ መያዝ አለበት። መንገድ ከተዘጋና ሠራተኛ ካልደረሰ ልብ የሚሉት ነገር አያጭድም አለ። ጨካኝ ንግግር ነው፤ ትክክል ግን ነው።

መልስ 7

የሒሳብ ሰው ነው። ብሩን ትተህ ወጪህን በኩንታል ሰሊጥ ቁጠረው አለ። ኪራዩን፣ እርሻውን፣ ዘሩን፣ ሁለቱን አረም፣ አጨዳውን፣ ሸራና ጆንያውን፣ ጭነቱን፣ ወለዱን። ሁሉም ተደምሮ በሄክታር 4 ኩንታል ዋጋ ከበላና 5 ኩንታል ካገኘህ 1 ኩንታል ተረፈህ። ነገር ግን ዋጋው በአንድ አምስተኛ ከወረደ 5ቱ ኩንታል የሚያወጡት የ4ቱን ዋጋ ነው፤ ዓመት ሙሉ ለፍተህ ዜሮ ላይ ቆምክ። ምርቱ 3 ኩንታል ከሆነ ደግሞ ዋጋው ባይወርድ እንኳ በሄክታር 1 ኩንታል ይጎድላል። በ20 ሄክታር 20 ኩንታል ዕዳ ማለት ነው። በ4 ሄክታር ቢሆን 4 ኩንታል ነው፤ ይህን ደመወዝ ይችለዋል። ዋጋውን ጎንደር አይወስነውም የሚለውንም አከለበት። ሰሊጥ በ2000 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ የኖረ ነው፤ ዋናዎቹ ገዢዎች ቻይናና እስራኤል ናቸው፤ እዚያ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ እዚህ መጋዘን ውስጥ ይሰማል።

መልስ 8

ንፋሱ እዚህ ጋ ተለወጠ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ቁጥር የፈሪ ጸሎት ነው አለ። የቋራው ካሣ ኩንታል ቆጥሮ አልተነሳም፤ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃች ውቤን አሸንፎ አጼ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ስለ ደፈረ ነው። ካልኩሌተር ይዞ ቢሆን ቋራ በረሃ ይቀር ነበር አለ። ስድቡ ባይኖርበት ጥሩ ነጥብ ነበር።

ከመልስ 9 እስከ 11

ዘጠነኛው የታሪክ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው አለ፤ ከድሎቹ በፊት የ1840 ዓ.ም. የደባርቂ ሽንፈት አለ። ካሣ በሱዳን ጠረፍ በኩል የግብፅን ጦር ሊገጥም ወጣ፤ መድፍ ደግፎት በምሽግ ውስጥ ወደቆመ በሥርዓት የሠለጠነ ጦር ሠራዊቱን በድፍረት ብቻ ነዳ፤ ተመታም። ከዚያ በኋላ ነው ለሥልጠናና ለመድፍ ያ ሁሉ ጉጉት ያደረበት። ስለዚህ ያሸነፈው ካሣ መቁጠር የተማረው ካሣ ነው አለ።

10 ደባርቅ ላይ መቼ ነው ግብፅ የመጣው ብሎ ተገረመ። 11 ሳቅ ሳይጨምር መለሰለት፤ የሰሜኑ ደባርቅ ሌላ፣ ደባርቂ ሌላ።

ከመልስ 12 እስከ 15

12ኛዋ ጸሐፊ በአጭሩ ጠየቀች፤ የዚያን ድፍረት ሒሳብ መጨረሻ ላይ ማን ከፈለ? በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያስዘረፈውና ያቃጠለው ያው ጀግናችን አይደለም ወይ? በመቅደላ ራሱን በ1860 ዓ.ም. ሲሰዋ የራሱን ከፈለ፤ ከተማዋ ግን ቀድማ የከፈለችው ያልተበደረችውን ነው አለች።

13 እና 14 ተቆጡ። አንዱ የንጉሡን ስም በእንዲህ ዓይነት ቦታ ማንሳት ነውር ነው አለ፣ ሌላው ስለ አንድነት ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ። 15 ሁለቱንም ልብ በሉ አለ፤ እሷ ያነሳችው ሐቅ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ መቃጠልም የተጻፈ ነው፤ ጀግንነቱን መውደድና ጉዳቱን ማወቅ አይጣሉም። እኔ ከ15 ጋር ነኝ። ይልቁንም የ12ኛዋ ጥያቄ የክሩን አቅጣጫ ቀየረው፤ ከዚህ በኋላ የመጡት ጥሩ መልሶች ሁሉ፣ እያወቁም ሳያውቁም፣ የሚመልሱት ለእሷ ነው።

መልስ 16

ይህችኛዋ ኮስተር ያለች ናት። 15 መልስ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ የቤቱ ካርታ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም አለች። ጠያቂው ባለትዳር ከሆነና ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ የጋራ ንብረት ነው፤ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባልና ሚስት ሁለቱም ካልተስማሙ በመያዣ መስጠት አይቻልም። ስምምነት ማለት ደግሞ ባንክ ቤት ወስዶ እዚህ ጋ ፈርሚ ማለት አይደለም። ሚስት የመልስ 7ን ሒሳብ ቁጭ ብላ አይታ፣ 3 ኩንታል ቢሆንስ ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ የፈረመችው ነው ስምምነት። የሌላ ሰው ጣራ ተይዞ የሚፎከር ፉከራ ሳይገድሉ ጎፈሬ ነው አለች። ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ ያ ተረት ሲውል አላየሁም።

መልስ 17

ሕግ የሚያውቅ ሰው፣ እርጋታ ያለው። ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ባንክ ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሰዎች ክስ እስኪመሠረት፣ ቀጠሮ እስኪሰጥ ብለው የሚቆጥሩት ዓመት የለም። ሰሊጥህ ሂላ ላይ ቆሞ ሳለ የመክፈያ ቀንህ ካለፈ ችግሩ የምርት ሳይሆን የቀን ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ከታኅሣሥ በፊት እንዳይሆን ውሉ ሲጻፍ ተደራደር አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ አጎትዬው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስ የሚሆን ሰው ግዴታ የገባበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ይህ ልክ ለዋሱ የተሠራ አጥር ነው። ቀጥሎ ዋስትናው የአንድነት ነው ወይስ ተራ ብለህ አንብብ። የአንድነት ዋስ ከሆኑ ባንኩ አንተን ትቶ በቀጥታ እሳቸውን መጠየቅ ይችላል፤ ተራ ዋስ ከሆኑ ግን መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይፈለግልኝ የማለት መብት አላቸው። ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው፤ ሽማግሌ ግን መነጽራቸውን ቤት ረስተው ይፈርማሉ።

ይህች የመነጽር ነገር ልቤን ነክታኛለች። የስንት አጎት ፊርማ እንዲህ ሆኗል።

መልስ 18 እና 19

18 ባንክን ተወውና ዕቁብ ግባ አለ። 24 ሰው በሳምንት 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 48,000 ብር ነው። አንደኛ የደረሰው ሰው 2,000 ብር ጥሎ 48,000 ያነሳል፤ ያለ ወለድ 46,000 ብር ተበደረ ማለት ነው፤ 24ኛው ደግሞ ያለ ወለድ ያጠራቀመ። ስለዚህ ገንዘቡ ከሐምሌ በፊት እንዲደርስ በዳኛው በኩል አስቀድሞ መነጋገር ወይም ከደረሰው ሰው ዕጣ መግዛት ይቻላል።

19 አላበረደውም፣ ግን አስተካከለው። ቀድሞ ያነሳ ሰው እስከ መጨረሻው ሳምንት መጣል አለበት፤ የዕቁቡ ዋስም የሚጠየቀው ያኔ ነው። ደመወዙን ትቶ ሄዶ በነሐሴ ሳምንታዊውን ከየት ያመጣል? ዕቁብ ለደመወዝተኛ ገበሬ እንጂ ደመወዙን ለለቀቀ ሰው አይመችም አለ። ጠያቂው ለካ ሥራውን ሳይለቅ መጀመር ይችላል የሚለው ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 20

ከርዕስ ወጣ፤ ግን ወጥቶ የበለጠ ወደ ርዕሱ የገባ መልስ ነው። ስለ ሊማሊሞ ቁልቁለት ጻፈ። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ከዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው መንገድ በጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። የተጫነ መኪና ይዞ ሲወርድ ደፋር የሚባለው ማን ነው? አዲስ ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ከማርሽ አውጥቶ ይለቀዋል፤ መኪናው ሲበር ፍሬን ይረግጣል፣ እግሩን ሳያነሳ ይይዘዋል። ፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዙን ይተዋል። በንፋስ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ በየኩርባው እየደጋገመ ሲረግጥ የንፋሱ መጠን ይወርድና በመለኪያ ሰዓቱ ላይ ቀዩ ጋ ይደርሳል። ሰው ፍሬን በጠሰ ይላል፤ እውነቱ ግን ፍሬኑ የተበጠሰው ከላይ፣ ማርሹ የወጣ ጊዜ ነው።

የሚያውቅ ሹፌር ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቆማል። ጎማውን መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፣ የንፋሱን ሰዓት ያያል፣ የጭነቱን ገመድ ይስባል። ከዚያ ዳገቱን ሊወጣበት በሚችለው ከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ አጭር ይረግጣል፣ ይለቃል፤ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ይሰጠዋል። ቁልቁለት መሐል ማርሽ ለመቀነስ አይሞክርም፤ ካመለጠው ካምቢዮው አልገባም ብሎ መኪናው ነጻ ይሄዳልና። ረዳቱ ታኮውን እግሩ ሥር አድርጎ ይቀመጣል። መኪናው ሲቆም ቀድሞ የሚወርደው፣ እጁን ከጎማው ሥር የሚያስገባው እሱ ነው። ሹፌሩ ያጠፋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያ ልጅ ነው አለ ጸሐፊው፤ እዚያው ላይ አቆመ።

ከመልስ 21 እስከ 23

21 እንግዲያውስ ድፍረት ማለት በጥምቀት ፋሲል መዋኛ የሚዘሉት ልጆች ናቸው አለ፤ ታቦቱ ባደረበት፣ ውኃው በተባረከበት ቅጽበት፣ ብርዱን ሳይፈሩ። 22 ግንቡን የያዙትን የዋርካ ሥሮች፣ ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚመጣበትን መንገድ አወጋ፤ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ ከክሩ ጋር ግን አይገናኝም።

23 አገናኘው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት የሞቱት የዘለሉት አልነበሩም፤ ለመመልከቻ በተሠራው የእንጨት መቀመጫ ላይ የነበሩት ናቸው፤ መቀመጫው ከነሰዉ ተናደ። የዘለለው አደጋውን አይቶ መርጧል። የተቀመጠው ግን እንጨቱ ስንት ሰው እንደሚችል ማን እንደለካ አያውቅም፤ ለክቶ ማቆም የነበረበት ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

መልስ 24

የጤና ባለሙያ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ክር ለአንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። 20 ሠራተኛ ትቀጥራለህ፣ የት ነው የሚተኙት ብሎ ጠየቀ። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ከመሸ እስከ ንጋት ትነክሳለች። ቀን የምትደበቀው ዋልካው ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ሙቀቱን ሸሽቶ ማታ የሚጋደመው እዚያው፣ ግራሩ ሥር ነው። ከደጋ የመጣ ልጅ ለበሽታው ገላው አዲስ ነው።

ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከከሳ፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው ካበጠ፣ የወባ መድኃኒት ወስዶም ካልተሻለው ይመርመር። ካልታከመ ከ100 ከ95 በላይ ይገድላል። ሕክምናው አለ፤ የተለመደው በየቀኑ በመርፌ የሚሰጥ የ17 ቀን ነው፣ ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ልጆቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ደመወዛቸው በሥራው ማብቂያ ስለሚሰጥ ታመው እንኳ ጥለው አይሄዱም። ስለዚህ ለሠራተኛ የየሳምንቱን በየሳምንቱ ክፈል፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዱ ግዛ፣ ማደሪያውን ከግራሩና ከስንጥቁ አርቀህ ሥራ፣ ለታመመ ሰው የመኪና መሳፈሪያ ለብቻው ቋጥር አለ። ይህንን ወጪ በመልስ 7 ሒሳብ ውስጥ ማንም አላስገባውም፤ 20 አጎበር ያልገባበት ድፍረት በሰው ደም የተበደረ ነው አለ።

መልስ 25 እና 26

25 ወደ ኋላ ሄደ፤ በ1945 እና በ46 ዓ.ም. ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው መጨረሱን፣ ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ መከፈቱን አስታወሰ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው።

26 ስለ ተረት ክርክር ከፈተ። «ፈሪ ለናቱ» የሚባለው ስድብ ነው ብለን እንይዘዋለን፤ ግን እናትን ጠይቋት፣ ለእሷ ስድብ አይደለም አለ። ልጇ የተመለሰላት ናትና።

መልስ 27

ያ 8ኛው ነው። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። ስለ አጎበሩ አላሰብኩም ነበር ብሎ ጻፈ፤ ግን አንድ ነገር ይያዝልኝ አለ። ሁሉን ለክቶ የጨረሰ ሰው ለካ ሐምሌ አልፎበታል፤ ሰሊጥ ጠብቁኝ አይባልም። ይህንም እውነት ነው እላለሁ። ከ3 እስከ 7 የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሁሉ እርሻ ሳይነካ ቢቀር አጎቱ ይድናሉ፣ ቆላው ግን ለጥቂት ሰው ብቻ ይቀራል።

መልስ 28

ከፋቹ በመጨረሻ ተመለሰ። 20ውን ወደ 4 ሄክታር አወረደ። ባንኩን ተወ፤ በእጁ ያለውንና ሐምሌ ሳይገባ የሚደርሰውን የዕቁብ ዕጣ ይዞ ይገባል፤ ደመወዙን አይለቅም። አጎቱን ከዋስነት አሰናበታቸው፤ ደስ ብሏቸው ሲመርቁት ዋለ። 4 ሄክታር በመልስ 3 አቆጣጠር 12 ኪሎ ዘር በመስመር ነው፤ በመልስ 6 አቆጣጠር ደግሞ 32 የሰው ቀን፣ በ8 ቀን 4 አጫጅ። 4 አጎበር፣ ለራሱ አምስተኛ። ወረቀቱን ባለቤቱ አይታዋለች፤ የመሳፈሪያውን ገንዘብ እሷ ናት ከፍ ያደረገችው።

ከመልስ 29 እስከ 34

29 አፈገፈገ ብሎ ቀለደ፤ 30 ያችው መልስ 16ን የጻፈችው ናት፣ ቀልዱን አልወደደችለትም። 31 በአጨዳው ሰሞን እርሻው ላይ የሚቆመው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ባለቤት የሌለው ሂላ ሌሊት ይቀላል አለ። 32 የዓመት ፈቃድህን ከመስከረም መጨረሻ ጀምረህ ውሰድ፣ 4ቱን ሄክታር በአንድ ቀን አትዝራ፤ 2ቱን ዘርተህ ሳምንት ቆይተህ 2ቱን ዝራ፣ አጨዳውም በሁለት ዙር ይደርስልሃል አለ። ጥሩ ምክር ነው፤ ሁለተኛው ዙር ከሐምሌ አጋማሽ እንዳያልፍ እንጂ።

33 የዘር ነገር ጠየቀ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘር ከገዛህ ብቅለቱን ሳትፈትን አትዝራ። 100 ፍሬ ቆጥረህ በራሰ ጨርቅ መካከል አድርግ፣ ሙቀት ያለው ቦታ አስቀምጥ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ ማታ ማታ ውኃ እርጭ። በ6ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠር። 85 ካልሞላ ሻጩን ለውጥ።

34ኛው መልስ የከፋቹ ነው፤ 2 መስመር። ከሁለት ሻጭ ሁለት ጭብጥ ዘር አምጥቶ፣ መቶ መቶ ፍሬ ከባለቤቱ ጋር ቆጥረው፣ በሁለት ሳህን ላይ እሑድ ማታ ጨርቁን አርሰው አስቀምጠውታል። ቅዳሜ ይቆጥሩታል።